የምትሃት ትርዒት ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ይቅር?

የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን
የልጆቼ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን የምትሃት ትርዒት አዘጋጃለሁ ብሏል። ሰውዬው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ መግቢያው በልጅ 50 ብር ነው። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ግማሹ ወላጅ «ልጆች ይዝናኑ» አለ፤ ግማሹ «አስማት በትምህርት ቤት በር አይገባም» ብሎ ተነሳ። እኔ መወሰን አቅቶኛል። ምን ትላላችሁ?

አባት፣ መንዝ
እኅቴ፣ እኔ አልፈቅድም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 አስማትንና ሟርትን በግልጽ ይከለክላል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ጥንቆላን አጥብቀው የተዋጉ ንጉሥ ናቸው። ዛሬ ላጨበጨበለት ነገር ነገ ልጁ ጠንቋይ ቤት ቢሄድ ምን ብለን እንቆጣዋለን?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ሲና
ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ያጣላን ቃሉ ይመስለኛል። አስማት መንፈስ ተጠርቶ ይሠራል የሚባለው ነው። መድረክ ላይ ያለው የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ ዓይንን በቀኝ እጅ ስቦ በግራው መሥራት።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ብርጭቆ ውሃ እሞላለሁ፤ ካርቶን ከድኜ እገለብጠዋለሁ። እጄን ከካርቶኑ ሳነሳ ውሃው አይፈስም። ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። «መንፈስ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ካርቶኑን ከታች የሚገፋው አየር መሆኑን አስረዳለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያ ስስ አየር እንኳ 7 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ መሸከም ይችላል፤ ብርጭቆማ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩታል። ግማሾቹ ይረጥባሉ። ያን ትምህርት ግን አይረሱትም።

ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት
እኔ በዚህ ነገር ተበልቻለሁ። አንድ ሰው ባዶ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ዓይኔ እያየ 100 ብር አወጣልኝ። «ያለህን አምጣ፣ ላባዛልህ» አለኝ፤ ሰጠሁት። ዘዴውን በልጅነቴ ያሳየኝ መምህር ቢኖር ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ይቀር ነበር። ልጆቹ ይዩ። ግን ምስጢሩም ይነገራቸው።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ስለዚህ በጥቅስ ብቻ አንከለክልም። ልጄ አይይብኝ ያለ ወላጅ ግን ይከበር። እኔን የሚያንገበግበኝ 50 ብሩ ነው። መክፈል ያልቻለው ልጅ ውጭ ቆሞ የጓደኞቹን ሳቅ ይስማ? በእኔ ጊዜ እንዲህ አድርገን እናውቃለን፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አባት፣ መንዝ
መምህር፣ ብርጭቆውን አልቃወምም፤ እሱ ትምህርት ነው። የመድረክ ሰው ግን ምስጢሩን አይናገርም፤ እንጀራው ነዋ። «ታላቁ አስማተኛ» ተብሎ ይለጠፍለትና ልጁ በዚያው አምኖ ቤቱ ይገባል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን
ልክ ነዎት ጋሼ። ነገ ለኅብረቱ የማቀርበው ይህ ነው፦ ክፍያው ይቅር፣ ትርዒቱን የራሳችን የሳይንስ ክበብ ያሳይ፣ እያንዳንዱም ዘዴ እዚያው ይገለጥ። መምህር፣ ካርቶኑ የደብተር ሽፋን ቢሆን ይሠራል?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ሲና
ይሠራል። ብርጭቆው ብቻ ጢም ብሎ ይሙላ።