አባ ኮዳን በምግብ መረቡ ላይ የት ላስቀምጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኞ የሐይቃችንን የምግብ መረብ፣ ማለትም ማን ማንን እንደሚበላ፣ ሰሌዳ ላይ ልሥል ነው። ተማሪዎቼ በየቀኑ የሚያዩትን ይዤ መግባት ፈልጌ ነው።

ታችኛው ክፍል አላስቸገረኝም። የፀሐይን ኃይል የሚይዙት ደቃቅ አልጌዎች ናቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አልጌውን ይበላል፤ አምባዛ ደግሞ ትንንሽ ዓሣዎችን። ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በግምት 10 በመቶ ስለሆነ፣ ለአልጌ 10,000 ኪሎ ካሎሪ፣ ለቆሮሶ 1,000፣ ለአምባዛ 100 ብዬ ጻፍኩ።

የተያዝኩት አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄጄ ቆሜ አየሁት። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ዓሣውን ገፎ ሥጋውን ለገዢ ይሰጣል፤ ጭንቅላቱንና አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራል። አባ ኮዳው መሬት እስኪደርስ እንኳ አይጠብቅም፣ አየር ላይ ይቀልበዋል። ያ ረጅም ምንቃር ሲገጥም ድምፁ ይሰማል።

መጀመሪያ ቀስቱን ከዓሣ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አባ ኮዳ ሣልኩት። ግን ያ ጭንቅላት በሰው ሆድ አላለፈም። ቀስት ደግሞ የሚያሳየው ኃይል ከማን ወደ ማን እንደሄደ ነው። ቀጥዬ ከባክቴሪያና ከፈንገስ ጋር ከአብስባሾች መደብኩት። እሱም አልተዋጠልኝም፤ ይህ ወፍ ይውጣል እንጂ አያበሰብስም። ሁለቱንም ሰረዝኩ። በዚያ ላይ የሚጣልለት አንዴ የቆሮሶ ነው፣ አንዴ የአምባዛ።

ሰውን ዘልዬ ቀስቱን ከሁለቱም ዓሣዎች በቀጥታ ወደ አባ ኮዳ ብስብና ሦስተኛም አራተኛም እርከን ላይ ባስቀምጠው ትክክል ነው?