የሞዴል አውሮፕላኔ ማርሚታ ክንፏን ዘይት በዘይት አደረገው፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅቡቲ የመጣች ሞዴል አውሮፕላን አለችኝ። ሞተሯ 7.5 ሲሲ ቱ ስትሮክ ግሎው ነው፣ በጋለ ሽቦ እየተቀጣጠለ በሜታኖል የሚሠራው። አንድ ታንከር አብርሬ ሳወርዳት ቀኝ ክንፏና ሆዷ እስከ ጭራዋ በዘይት ተነክሮ ነው የማገኘው። ሜዳችን ደግሞ አሸዋ ነው። አሸዋው ዘይቱ ላይ ይለጠፍና በጨርቅ ስጠርገው ሽፋኗን ይቧጭርብኛል፣ ባለፈው እሁድ ክንፏ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ግማሹን ላጥኩት። ዘይቱ በአብዛኛው ቢጫ ነው፣ ማርሚታው ከሞተሩ የሚገናኝበት ጋ ግን ጥቁር ነው። ነዳጁ 20% ዘይት፣ 10% ናይትሮሜቴን፣ የቀረው ሜታኖል። የሸጠልኝ ልጅ ነዳጁን የሚመጥነውን መርፌ «ተስተካክሏል፣ እንዳትነካው» ስላለኝ አልነካሁትም። ፒስተኑ አልቆ ይሆን? በጣም አሳስቦኛል።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
አቦ 20% ዘይት እኮ ብዙ ነው! ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይበቃዋል። ወደ 5% አውርደው፣ ክንፍህም ይጸዳል።

መልስ (አዲስ አበባ፣ መካኒክ ነኝ)
እባክህ ወንድሜ ዘይቱን እንዳትቀንስ! ሞተሩን በአንድ ቀን ታጣዋለህ። ይሄ የቤንዚን ሞተር አይደለም። ሜታኖል ከቤንዚን በጣም በዝቶ ነው የሚገባው፣ ዘይቱ ደግሞ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ከ18 እስከ 20% የተለመደ ነው።

እስቲ አስበው። ታንከርህ 300 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 60ው ዘይት ነው። አንድ የቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው። ያ ዘይት አብዛኛው አይቃጠልም፣ በማርሚታው በኩል ይወጣል፣ መንገዱ እሱ ነው። ስለዚህ ክንፉ ላይ ዘይት ማየትህ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ፒስተኑም አልቋል አያሰኝም።

ጥቁሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ማርሚታውን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትሽ። ከላሉ አሉሚኒየሙ እርስ በርሱ ይፋተግና ጥቁር ዱቄት ያወጣል፣ ከዘይቱ ሲቀላቀል ቀለም ይመስላል። ፍታውና ሁለቱንም ፊት በአልኮል ጥረግ፣ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ስስ አድርገህ ቀባና መልሰህ እሰር። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አታስነሳው። ከማርሚታው ወደ ታንከሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦም ትታይ፣ ነዳጁን የሚገፋው በእሷ በኩል የሚሄደው ግፊት ነው። ማርሚታው እያፈሰ መርፌ ብታስተካክል ልፋትህ ከንቱ ነው።

መልስ (ሐረር)
ጅቡቲ ስትል ገባኝ። ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት፣ ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ይሳሳል፣ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። መርፌው ግን እዛ ይለቅ በነበረው ልክ ነዳጅ መልቀቁን ቀጥሏል። ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው፣ የተረፈው ከዘይቱ ጋር ክንፍህ ላይ ይደፋል። እኔም ድሬ ላይ ያስተካከልኩትን ሞተር ደንገጎን አልፌ ሐረር ሳደርሰው እንደዚሁ አደረገኝ፣ እዚህ ደግሞ 1,900 ሜትር እንጠጋለን። ልጁ አልዋሸህም፣ ለጅቡቲ ልክ ነበር።

እንዲህ አድርግ። ጭራዋን አስረህ ሞተሩን አሙቀው፣ ጋዙን ሙሉ ክፈት። ከውልብልቢቱ ኋላ ሁን፣ ፊት ለፊትም በጎንም እንዳትቆም። መርፌውን ወደ ቀኝ አንድ ጠቅታ አጥብቅ፣ ጠብቅ፣ ሌላ ጠቅታ። ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚህ በላይ አልቀጥንም ሲል ወደ ኋላ መልሰው፣ ድምፁ ጥቂት ወረድ እስኪል። ታኮሜትር (ዙር መቁጠሪያ) ካለህ በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ዙር ይውረድ። ከዛ ጓደኛህ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንቶ 10 ሰከንድ ይያዛት። ድምፁ ካልተለወጠ ወይ ትንሽ ከፍ ካለ ጥሩ ነው። ከደከመ ነዳጅ አንሶታል፣ አላላው። ትንሽ ነጭ ጭስ ሁሌም መታየት አለበት። ጭሱ ጨርሶ ከጠፋ ሞተሩ እየነደደብህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አሸዋው ላይ አታስነሳው። ካርቦራተሩ ማጣሪያ የለውም፣ ውልብልቢቱ ያነሳውን አቧራ ይስበዋል። ሰሌን ወይ ሸራ አንጥፍ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ትናንት ስፈትሸው አንዱ ብሎን በእጄ ዞረ፣ ልክ እንዳላችሁት። ማታ ቀብቼ አስሬው ስላደረ ዛሬ ጥቁሩ የለም። መርፌውንም ሰባት ጠቅታ አጠበቅኩት፣ ድምጿ ሌላ ሆነ። ክንፏ ላይ አሁንም ዘይት አለ፣ ግን በፊት ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው። ይሄን እንዴት ልጥረገው? ሚኒሞ ላይ (ጋዙን ስቀንሰው) ደግሞ እየተንተፋተፈ ዘይት ይተፋል።

መልስ (አዲስ አበባ፣ መካኒክ ነኝ)
ጎሽ! ጥረጋው ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ጠብታ ላርጎና ትንሽ የፋርማሲ አልኮል ጨምረህ ርጨው። አሸዋው ታጥቦ ይውረድ፣ ከዛ በለስላሳ ጨርቅ፣ ሳትፈትግ። በቤንዚን አትንካት፣ ሽፋኗን ይበላዋል። ማርሚታው አፍ ላይ አጭር የሲሊኮን ቱቦ አጥልቀህ ጫፉን ከክንፉ ወደ ውጭ አዙረው። ቀዳዳውን ግን አታጥብበው።

ሚኒሞ የራሱ መርፌ አለው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የነዳጅ ቱቦውን ቆንጠጥ አድርግ። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል። ብዙ ቆይቶ ድምፁ በጣም ጨምሮ ከጠፋ በዝቶበታል፣ ያንተ ይሄ ይመስለኛል። ከሩብ ዙር በታች አጥብቅና ድገመው። በርረህ ስትጨርስም ቱቦውን ነቅለህ የቀረውን ነዳጅ ያቃጥለው፣ ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ኩሽኔታውን ያዝገዋል።

መልስ (ሐረር)
ሜታኖሉን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጥ፣ መርዝ ነው። ሲቀጣጠልም ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ቅዳሜ ድሬ እወርዳለሁ፣ ታኮሜትር ይዤልህ እመጣለሁ።

ጠያቂ
ሸራውን አንጥፌ እጠብቅሃለሁ።