ቫይረስ ሲያጠና የኖረ ሰው እንዴት በጂን ቁጥጥር ኖቤል አገኘ?

ባዮ_ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጀነቲክስ ላይ ላክ ኦፔሮን (ባክቴሪያ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚጠቀምባቸው ጂኖች ከነመቆጣጠሪያቸው) እየተማርን ነው፣ መምህራችን ፍራንስዋ ዣኮብ የቫይረስ ሰው ነበር ብሎ አለፈው። ኦፔሮኑ ስለ ስኳር አይደል እንዴ፣ ቫይረስ ምን ያገናኘዋል? ለማስተርስም ከቫይረስና ከጂን ቁጥጥር የቱን ልያዝ እያልኩ ነው።

ፔትሪዲሽ፦
ወንድሜ ኧረ በደንብ ይገናኛል! ሰውዬው ሰርጂን መሆን ነበር ሐሳቡ፣ ህክምና እየተማረ ሳለ ጀርመን ፈረንሳይ ስትገባ እንግሊዝ ሄዶ የደጎልን ጦር ተቀላቀለ፣ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ክፉኛ ቆሰለና ሰርጂንነቱ ቀረ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1950 ሠላሳ ዓመቱ ላይ ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት አንድሬ ልዎፍ ላብ ገባ። እዛ የሚያጠኑት ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ ሳይገድለው ዝም ብሎ የሚተኛ ቫይረስ ነው፣ ባክቴሪያው በተከፋፈለ ቁጥር አብሮ ይባዛል፣ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ግን ብንን ብሎ ይነሳና ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል። ታዲያ እስከዛ ማን አስተኛው? እዛው ኮሪደር ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ዣክ ሞኖ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ላክቶስ ሲያገኝ ብቻ ለምን መፍጫ ኢንዛይሙን እንደሚሠራ ይመራመራል። በ1958 ዣኮብ ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ ነው ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው የበራለት፣ ሁለቱም ጋ ጂኑን ቆልፎ የሚይዝ ሪፕሬሰር አለ፣ እሱ ሲነሳ ጂኑ ይሠራል። በ1965 ሦስቱ ኖቤሉን ተካፈሉ።

የላብ_ሰው፦
ሲኒማው ትንሽ ይጋነናል ባይ ነኝ፣ ከዛ በፊት ከአርተር ፓርዲ ጋር የሠሩት ሙከራ ባይኖር ምኑ ይበራለት ነበር፣ ፓርዲን ግን ማንም አያነሳውም። ደግሞ ሪፕሬሰሩ አርኤንኤ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር፣ ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው በ1966 እና 67 የላክንም የላምዳንም (ላምዳ ያ ኢ. ኮላይ ውስጥ የሚተኛው ቫይረስ ነው) ሪፕሬሰር ሀርቫርድ ላይ ለይተው ሲያወጡ ነው።
ስለ ማስተርሱ፣ ለምን ትመርጣለህ? ኤችአይቪ በመድኃኒት ጨርሶ የማይጠፋው እኮ ሴል ውስጥ የተኛ ስላለ ነው፣ አሠራሩ ከላምዳ ቢለይም ማን አስተኛው የሚለው ጥያቄ ያው ነው። ግን ኤችአይቪ የደህንነት ደረጃው ከፍ ያለ ላብ ይፈልጋል፣ ላምዳና ኢ. ኮላይ ተራ ላብ ውስጥም ይሠራሉ።

ባዮ_ተማሪ፦
እህታችሁ ነኝ ደሞ 😄 ሁለቱ ለየብቻ ኮርስ ስለሆኑ ሁለት ዓለም ነበር የሚመስለኝ። በላምዳ ልጀምር መሰለኝ፣ የዩቪ መብራቱ እንኳን ላባችን አለ።