መሃል ከተማን ለማነቃቃት፦ ነባሩን አፍርሶ መሥራት ወይስ ቢሮውን መኖሪያ ማድረግ?

ጠያቂው፦
ሰላም ወገኖች። ከተማው ወደ ዳር ይሰፋል፣ መሃሉ ግን ቢሮ ሲዘጋ ጭር ይላል። አንድ አልሚ ብሎኩን በሙሉ አፍርሶ ባለ 20 ፎቅ ቢሮና ሞል ቢገነባ ይሻላል ወይስ ነባሮቹን ቢሮዎች ወደ መኖሪያ ቢቀይር? በቁጥር የሚያስረዳኝ ካለ።

ሶሌታ፦
ጭር የሚለው ቢሮ አንሶ ሳይሆን የሚያድር ሰው ጠፍቶ ነው፤ ስለዚህ መኖሪያ ይቅደም። ሁሉም ቢሮ ግን መኖሪያ አይሆንም። መጀመሪያ ሕንፃውን ከመስኮት እስከ መስኮት ለካው። የቀን ብርሃን ከ7–8 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከ16–18 ሜትር ከሆነ ግራና ቀኝ ቤት፣ መሃሉ ላይ 2 ሜትር ኮሪደር ይወጣዋል። 30 ሜትር ከሆነ ግን መሃሉ ላይ 14 ሜትር ጨለማ ይተርፋል። ያኔ ወይ ከጣሪያ እስከ ታች ቀድዶ ብርሃን ማስገባት፣ ወይ ቢሮነቱን መተው ነው።

ሌላው ጣጣ ፍሳሽ ነው። ቢሮ በየፎቁ አንድ የጋራ መጸዳጃ ይበቃዋል፤ መኖሪያ ግን በየቤቱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው። ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልደረደርካቸው ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ወንፊት ይሆናል፣ ትራቭ (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) የሚበሳም አይጠፋም።

ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ደንብ ብዙ የመሃል ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች መኖሪያ ሆነዋል፤ አዲስ ፓርኪንግ የመጨመር ግዴታው ለነሱ መነሳቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ገቢና ወጪ፦
ፓርኪንጉን ካነሳህ አይቀር፦ አንድ መኪና ከነመተላለፊያው ከ25–30 ካሬ ይበላል። 100 መኪና ማለት እስከ 3,000 ካሬ ቤዝመንት ነው። ራምፑ (የመኪና መውረጃው) በ15 በመቶ ተዳፋት 3 ሜትር ለመውረድ 20 ሜትር ይፈልጋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ የሱቆቹን ፊት የሚበላው እሱ ነው።

ብሎኩን በአንዴ ማፍረስ አልመክርም። ኪራይ እስኪገባ ወለዱ ይቆጥራል፣ አበዳሪም የተጣራው ገቢ ከዓመታዊ የብድር ክፍያው ቢያንስ 1.2 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በምዕራፍ ከፋፍለው። ለነባር ሕንፃ ከግንባታ ወጪው 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ፤ ግድግዳው ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

የምድር ወለል፦
መንገዱን ሕያው የሚያደርገው ፎቁ አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ሜትሮች ናቸው። ሱቆቹን ከ5–6 ሜትር ስፋት አድርጋቸው፤ ትልቅ ተከራይ ከመጣ ሁለቱን ማቀላቀል ቀላል ነው። አንዱን ሰፊ ሱቅ ለመክፈል ግን በርም መጸዳጃም ቆጣሪም እንደ አዲስ ይጠይቅሃል። የወጥ ቤት ጭስ ማስወጫ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ሻፍት (ቀጥ ብሎ የሚወጣ ክፍት መተላለፊያ) አሁኑኑ ተው፤ ያለሱ ምግብ ቤት አይከራይህም፣ ማታ መብራት የሚያበራው ደግሞ እሱ ነው።

ጠያቂው፦
ስፋቱ 17 ሜትር ቢሆንስ? ደረጃው ግን አንድ ብቻ።

ሶሌታ፦
ስፋቱ ጥሩ ነው። ከእሳት ማምለጫ ሁለተኛ ደረጃ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ይጨመር፤ የቤቶቹን ቁጥር ከዚያ በኋላ ቁጠር፣ በየፎቁ አንድ ቤት ሊወስድብህ ይችላል።