የአጥንት ዱቄትና ኖራ በአንድ አሲዳማ ማሳ ላይ

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ተዳፋት ቀይ አፈር ላይ ለወተት ላሞቼ መኖ የሚሆኑ ላብላብና ዴስሞዲየም የተባሉ የጥራጥሬ ወገን ተክሎችን አለማለሁ። በአፈር ምርመራው መሠረት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.1 ሲሆን ተክሉ ሊወስደው የሚችለው ፎስፈረስ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ይይዙታል። በዘር መስመሩ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) የጨመርኩበት ጥግ በደንብ ቢያድግም ዋጋው ለመኖ ማሳ የሚቀመስ አይደለም፤ በዚያ ላይ 19 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅኑ፣ ናይትሮጅንን ከአየር ለሚያገኝ ተክል፣ በእኔ ግምት ያለ ጥቅም የሚወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሥጋ ቤቶች የሰበሰብኩትን አጥንት ቀቅዬ፣ አድርቄና አስፈጭቼ አስቀድሞ በኖራ በታከመው ቀሪው ማሳ ላይ በተንኩት። ተክሉ ግን ቀጭጮ ቀርቷል፤ ነቅዬ ስመለከተው በሥሩ ላይ ያሉት፣ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው እባጮች ጥቂት ናቸው፣ ሲሰነጠቁም ውስጣቸው እንደ ጤነኞቹ ሮዝ ሳይሆን ነጣ ያለ ነው። የአጥንት ዱቄት የሚሟሟው በአፈሩ አሲድ ነው፤ ኖራ ይህንን አሲድ ይቀንሰዋል፣ ኖራው ከቀረ ደግሞ አሉሚኒየሙ ሥሩን ይጎዳል። በመጪው ክረምት አሲድን በሚቋቋመው ዴስሞዲየም ላይ ብቻ አተኩሬ ኖራውን ልተወው፣ ወይስ የአጥንቱን ዱቄት ዘንድሮ በትኜ ኖራውን በቀጣዩ ዓመት ላስከትል?