የእንክብካቤ ሰዓትን በምን ልቁጠር?

ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የመንግሥት እቅድ እያዘጋጀሁ የፍላጎት ግምቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በእጄ ያለው በዋሽንግተን ግሩፕ (የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስ ላይ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ቡድን) 6 ጥያቄዎች የተሰበሰበ መረጃ ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል እንጂ በቀን ስንት ሰዓት ረዳት እንደሚያስፈልግ አይነግረኝም። አንዲት እናት ስለ መታጠብ ተጠይቀው «ትንሽ ይከብደኛል» ብለዋል፤ ጀርባቸውን የምታጥበው፣ የልብሳቸውን ቁልፍ የምትቆልፈው ግን ልጃቸው ናት። የእሷ ድካም የትኛው ዓምድ ውስጥ ይግባ? አለቆቼ የሚጠይቁኝ የእንክብካቤ ተቋማት የአልጋ ቁጥር ብቻ ነው (አልጋ መቁጠርማ ይቀላል)፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ግን በማኅበረሰብ ውስጥ የመኖር መብትን ነው የሚደነግገው። በዚህ ያለፋችሁ፣ ከችግር ደረጃ ወደ ሰዓት እንዴት ተሻገራችሁ? ያለ ክፍያ የሚያስታምሙትንስ?