ላዩ ጥቁር አፈር፣ ታቹ ጠጠር፤ ካካዎ ይተከልበታል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካካዎ ልተክል ቦታ አዘጋጅቻለሁ፤ ችግኙም ከረጢት ውስጥ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ላዩ አፈር ጥቁር ነው፣ ልስልስ ያለ፣ ምንም አይወጣለትም። ትናንት ለማንኛውም ብዬ ጉድጓድ ብቆፍር 60 ሳንቲ ሜትር ላይ አካፋው ኳ አለ። ጠጠር የበዛበት ጠንካራ ነገር ነው፤ ከሱ በታች ደግሞ ግራጫና የዝገት ቀለም የተዥጎረጎረበት ጭቃ። የካካዎ ሥር አብዛኛው ላይ ላዩን ነው የሚሄደው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ታቹ ቢጠነክር ምን ቸገረኝ? ልትከል ወይስ ልተወው? ችግኙ አይጠብቀኝም፣ ቶሎ በሉልኝ።

አካፋ፦
የሰማኸው ግማሽ እውነት ነው፤ ጉድ የሚሠራህም እሱ ነው። ምግብ የሚለቅሙት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው፣ ልክ ነህ። ግን ከዘር የበቀለ ካካዎ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አለው፤ መንገድ ካገኘ 1.5 ሜትር፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ እስካለ ድረስ ይሄ ሥር ኖረ አልኖረ አታውቀውም። ዝናቡ ሲጠፋ ነው የሚታወቅህ፤ ላዩ ይደርቃል፣ ቀጫጭኖቹ ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ዛፉ ከታች ካልጠጣ ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል። ለካካዎ 1.5 ሜትር ያህል ሥር የሚያስገባ አፈር ይፈለግ የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጠጠሩ ሳይሆን ቀለሙ ነው። ግራጫ አፈር ማለት ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣ አፈር ነው፤ ዝገት መሳዩ ደግሞ ውሃው ሸሽቶ አየር የገባበት። ሁለቱ ከተዥጎረጎሩ ውሃው ይመጣል ይሄዳል ማለት ነው። ሥር እዚያ ሲደርስ ወይ ይቆማል ወይ ይበሰብሳል።

ዳግም ተካይ፦
በኔ የደረሰውን ልንገርህ። እኔም ላዩን አይቼ ነው የተከልኩት፣ ጉድጓድ እንኳ አልቆፈርኩም (አንተ ከኔ ትሻላለህ)። ሁለት ዓመት አማረብኝ፣ ያየው ሁሉ ያደንቅ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ደረቁ ወቅት ትንሽ ረዘም ሲል ከጫፍ ጫፍ ይደርቅ ጀመር፤ በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ረጨሁ፣ ምንም። በመጨረሻ አንዱን ነቅዬ ሳየው ዋናው ሥር እንደ ጃንጥላ እጀታ ጎብጧል። ግማሹ ታች የነበረው ድንጋይ ጥፋት፣ ግማሹ የራሴ፤ ችግኙን ከረጢት ውስጥ ከልክ በላይ አቆይቼው ሥሩ ታች ተጠቅልሎ ነበር፣ እንዳለ ቀበርኩት። ያንተ አምስት ወር ገና ደህና ነው፣ ግን አታስረጀው።

ጥላ ወዳድ፦
ኧረ ሰውየውን አታስፈራሩት! ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በደንብ ለተከፋፈለበት ሰው ጥልቀት ያን ያህል ሞት አይደለም። ከ100 ሚሊ ሜትር በታች የሚዘንብባቸው ወራት ከሦስት ካልበለጡ፣ ጥላም ካለ፣ መሬቱም በቅጠል ጉዝጓዝ ከተሸፈነ ዛፉ ይኖራል። ከቅርንጫፍ ቁራጭ የተባዛ ካካዎ እኮ እውነተኛ ዋና ሥር የለውም፣ ግን ያፈራል። ጠጠሩም ቢሆን በመሀሉ ልል አፈር ካለ ሥር እየተሹለከለከ ያልፋል። በዚያ ላይ ጥቁር አፈሩ ሀብት ነው! እባክህ በጥልቀት እየኮተኮትክ ቀጫጭኖቹን ሥሮች አትቁረጥ፤ አረሙን ከላይ ማጨድ ይበቃል።

አካፋ፦
በጠጠሩ እስማማለሁ። ግራጫውን ግን ጉዝጓዝ አያድነውም። ከቁራጭ የተባዛውም ሥሩ ውሃ ውስጥ አይተነፍስም።

ጀማሪው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ጠንካራውን ሰብሬ፣ ጥቁሩን አፈር ብሞላበትስ?

አካፋ፦
ውሃው ከታች መውጫ ካለው ሊረዳ ይችላል። ካንተ መሬት እንደሚመስለኝ ግን የምትሠራው ጎድጓዳ ሳህን ነው። ዙሪያውን ያለው ውሃ ወደ ለስላሳው አፈር ይወርድና እዚያው ይቀራል፤ ታቹ ያልተበሳ የአበባ ማሰሮ በለው። ከዚያ ይልቅ ሌላ ሌላ ቦታ ቆፍረህ እይ፤ አንድ መሬት ብዙ ፊት አለው። ጉድጓዱን ማታ ውሃ ሞልተህ ጠዋት ሂድና ተመልከት። አፈሩ ሲመረመር ደግሞ ከታችኛው ንጣፍም ናሙና ውሰድ። ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) 6 እና 6.5 መሀል ቢሆን እሰየው፣ ከ5 እስከ 7.5 ያስኬዳል። ከ5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል፤ ኮምጣጣነቱን ይቀንስልኝ ብለህ ላይ የበተንከው ኖራ ደግሞ ቶሎ ታች አይደርስም።

ጀማሪው፦
ሦስት ጉድጓድ ጨመርኩ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ሁለቱ እንደ መጀመሪያው። ሦስተኛው ግን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ዳገቱ ነው፤ 1.3 ሜትር ወርጄ አሁንም ቀላ ያለ፣ በእጅ የሚፈረፈር አፈር ነው። ማታ የሞላሁት ውሃ ጠዋት የለም። ላዩ ግን ያን ያህል ጥቁር አይደለም፣ ሳሳ ይላል።

ጥላ ወዳድ፦
እዚያ ትከል። ላዩን በብስባሽና በቅጠል ታጠቁረዋለህ፣ ታቹን ግን ማን ይለውጥልሃል? ጥላውን አስቀድም እንጂ።

ዳግም ተካይ፦
ስትተክል ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ከሥር ተጠቅልሎ ያየኸውን በስለት ቁረጠው፣ ዋናውም ሥር ቀጥ ብሎ መውረዱን እይ። ያቺ ጃንጥላ እስካሁን ቤቴ አለች፣ ለመጣ ሰው ሁሉ ነው የማሳያት።